ያልተንቀሳቀሰው ትል

ምሳ ሲዘገይብን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን። ወስፋት ድምፅ የለውም፤ ጡንቻ ግን አለው። አንጀት ምግቡን ወደ ታች በገፋ ቁጥር ወስፋት እየተጥመለመለ ወደ ላይ ይዋኛል፤ ጡንቻው የከዳው ቀን ከሰገራ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። አንዳንዶቹ የትል መድኃኒቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ትሉን አይፈጩትም፣ ጡንቻውን ያስሩታል እንጂ።

አያቶቻችን በኮሶ አበባ ያባርሩት የነበረው ትል ከሌላ ወገን ነው፤ ጠፍጣፋ ነው። እዚህ የምተርከው የድብልብሎቹን ትሎች የጡንቻ ታሪክ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋናው ባለታሪክ ግን ወስፋት ራሱ አይደለም። በአፈርና በበሰበሰ ተክል ውስጥ የሚኖር፣ ማንንም የማያሳምም፣ አንድ ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም የሩቅ ዘመዱ ነው።

ሳይንቲስቶች መጀመሪያ ያተኮሩት ወስፋት ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ትልቅ ነው። ሴቷ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ልትረዝም ትችላለች። በ1908 ሙኒክ ውስጥ ሪቻርድ ጎልድሽሚት የተባለ ጀርመናዊ የወስፋትን ጭንቅላት ስስ አድርጎ እየከተፈ የነርቭ ህዋሶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ 162 አገኘ። ወስፋትን የከፈቱ ሁሉ የሚገረሙበት ሌላም ነገር ነበር። በእኛ ሰውነት ውስጥ ነርቭ ክሩን ዘርግቶ እስከ ጡንቻው ድረስ ይሄዳል። በትል ዘንድ ግን ክንድ የሚያወጣው ጡንቻው ነው፤ ክንዱን ወደ ነርቩ ሰድዶ ትእዛዙን እዚያው ይቀበላል። ነገሩ የእኛን ፖስታ ቤት ይመስላል፤ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ቁልፉን ይዞ ሳጥኑ ድረስ ይሄዳል እንጂ ፖስተኛ ቤቱን አያንኳኳም።

ጡንቻ በትእዛዙ መሠረት እንዴት እንደሚኮማተር ግን ገና አልታወቀም ነበር። ቀደም ሲል በ1864 ቪልሄልም ኪውነ የተባለ ጀርመናዊ ከጡንቻ ውስጥ አንድ ፕሮቲን አውጥቶ «ማዮሲን» ብሎ ሰየመው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ደግሞ በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ የአልበርት ሴንት-ጆርጂ ቡድን «አክቲን» የተባለውን ሁለተኛውን ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። ሁለቱን ቀላቅለው ክር ሠሩና የህዋስ ነዳጅ የሆነውን ኤቲፒ ጠብ ሲያደርጉበት ክሩ ዓይናቸው እያየ ተኮማተረ። ሕይወት የሌለው ክር እንደ ሕያው ጡንቻ ተሸበሸበ።

በግንቦት 1954 ኔቸር መጽሔት በአንድ እትሙ ሁለት ጽሑፎች አወጣ። አንዱ የአንድሩ ሃክስሌይና የሮልፍ ኒደርገርከ ነበር፤ ሌላው የሂዩ ሃክስሌይና የጂን ሃንሰን። ሁለቱ ሃክስሌዮች ስም እንጂ ሥጋ አያገናኛቸውም፤ ያሉት ግን አንድ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር በውስጡ ያሉት ክሮች አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው መካከል ይንሸራተታል። ወፍራሙ ክር ማዮሲን ነው፣ ቀጭኑ አክቲን። ከወፍራሙ ክር ጎን የሚወጡት የማዮሲን ራሶች ቀጭኑን ክር ገመድ እንደሚጎትት ሰው ያዝ፣ ሳብ፣ ለቀቅ እያደረጉ ይስቡታል። ቀጥሎም በ1960ዎቹ ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኢባሺ ጉተታውን የሚያስጀምረው ካልሲየም መሆኑንና ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን በቀጭኑ ክር ላይ ተቀምጦ እንደ ዘበኛ በሩን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ አሳየ።

እስከዚህ ድረስ ሥራው በአብዛኛው የተሠራው የጥንቸልና የእንቁራሪት ጡንቻ በመፍጨት ነው። የእጅ ሰዓት በሙቀጫ ወቅጦ ከዱቄቱ ውስጥ ጥርሶቹን መልቀም ማለት ነው። ብዙ ያስተምራል። ይህች ጥርስ ባትኖር ሰዓቱ ምን ይሆን ነበር ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም። ያንን ለማወቅ ሰዓቱ እየሠራ ሳለ አንዲቱን ጥርስ ብቻ ማውጣት ያስፈልጋል። ከጥንቸል ላይ ማዮሲኗን ብታወጣ ደግሞ ልቧ አይመታም፣ አትተነፍስም፣ ከነጭራሹም አትወለድም።

በሰኔ 1963 ካምብሪጅ በሚገኘው የሞለኪውል ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ሲድኒ ብሬነር ለአለቃው ለማክስ ፔሩትዝ ደብዳቤ ጻፈ። ብሬነር በ1927 በደቡብ አፍሪካዋ ጀርሚስተን የተወለደ የጫማ ጠጋኝ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሊትዌንያ የፈለሱ አይሁዳዊ ነበሩ። በደብዳቤው የሞለኪውል ባዮሎጂ ነባር ጥያቄዎች ወይ ተፈትተዋል ወይ በቅርቡ ይፈታሉ፣ ስለዚህ ወደ እድገትና ወደ ነርቭ እንዙር አለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ለጥናቱ ያቀረበው ኬኖራብዳይቲስ ብሪግሴ የተባለ ትንሽ ትል ነበር፤ በኋላ ግን የቅርብ ዘመዱን መረጠ፤ ኬኖራብዳይቲስ ኤለጋንስን።

ትሉን የሰጠው በካሊፎርኒያ የሚሠራው ኤልስዎርዝ ዶሄርቲ ሲሆን ዘሩ የመጣው በእንግሊዟ ብሪስቶል አቅራቢያ ከነበረ የእንጉዳይ ማብቀያ ብስባሽ ነው። ብሬነር «ኤን2» ብሎ ሰየመው፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የትል ተመራማሪዎች መነሻ ይኸው ዘር ነው። ትሉ ብርጭቆ ይመስል ውስጡ ይታያል። ባክቴሪያ በተቀባበት፣ አጋር የተባለ ጄሊ መሳይ ነገር በረጋበት ሳህን ላይ ይኖራል፤ ከእንቁላል ተነሥቶ ራሱ እንቁላል ለመጣል ሦስት ቀን ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ 300 ያህል ልጆች ያፈራል። ከሁሉም በላይ አብዛኞቹ ትሎች ሴትም ወንድም ናቸው፤ በራሳቸው ዘር ራሳቸውን አስረግዘው ይወልዳሉ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው።

ብሬነር ትሎቹን ዲኤንኤን በሚያዛባ ኬሚካል ነክሮ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን በማጉያ መነጽር ይመለከት ጀመር። ጤነኛ ትል ሲሄድ በአጋሩ ላይ የእባብ ዱካ የመሰለ ጥርት ያለ ሞገድ ያሰፍራል። ከልጅ ልጆቹ መካከል ግን ጠምዛዛ የሚሄዱ፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚያቅታቸው፣ የሚንቀጠቀጡ፣ እንደ ወደቀ ክር የተዘረጉ ተገኙ። እንቅስቃሴያቸው ያልተቀናጀ መሆኑን የሚገልጸውን የእንግሊዝኛ ቃል አሳጥሮ «አንክ» አላቸውና ቁጥር ሰጣቸው፤ አንክ-1፣ አንክ-2 እያለ። በ1974፣ ከደብዳቤው 11 ዓመት በኋላ፣ ሥራውን በጄኔቲክስ መጽሔት አወጣው። 300 ያህል ልውጥ ትሎችን ወደ 100 ጂኖች መድቦ ነበር፤ ከእነዚህ 77ቱ እንቅስቃሴን የሚያበላሹ ናቸው። ለትሉ በጣም አስፈላጊ የሆኑት ጂኖች 2000 ያህል እንደሚሆኑም ገመተ።

ብሬነር የፈለገው ነርቭን ነበር። ከ77ቱ አንኮች ብዙዎቹም የነርቭ ጉድለተኞች ሆነው ተገኙ። ነገር ግን ትእዛዝ ሳይፈጸም ሲቀር ጥፋቱ ሁልጊዜ የአዛዡ አይደለም። አንዳንዶቹ ትሎች ነርቫቸው ደህና ነበር፤ የታመመው ጡንቻቸው ነው። እነዚህን ይዘው የሄዱት ከአሜሪካ ወደ ካምብሪጅ የመጡት፣ ሁለቱም በሕክምና የሠለጠኑ፣ ሄንሪ ኤፕስታይንና ሮበርት ዋተርስተን ናቸው።

በዚያው በ1974 ሁለቱ ከብሬነር ጋር ሆነው አንክ-54 የተባለውን ትል ታሪክ አሳተሙ። ይህ ትል አይሄድም። በፕላቲኒየም ሽቦ ቢነኩት ጭንቅላቱን ጥቂት ያነቃንቃል እንጂ ከቦታው አይነሣም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጡንቻውን ሲያዩት ወፍራሞቹ ክሮች እጅግ ሳስተዋል፤ ፕሮቲኑን መርምረው ጥፋቱ ያለው ትልቁ የማዮሲን ሰንሰለት ላይ መሆኑን አረጋገጡ። የማዮሲን ጉድለት ያለበት እንስሳ በሕይወት ቆሞ ታየ ማለት ነው። ከሰዓቱ ላይ ጥርሷ ወጣች፤ ሰዓቱ ግን አልሞተም።

እንዴት ሊኖር ቻለ? ምግቡ ዙሪያውን የተቀባ ባክቴሪያ ስለሆነ መሄድ አያስፈልገውም፤ አፉን መክፈት ይበቃዋል። ባክቴሪያውን የሚስበውና የሚያደቅቀው ጉሮሮ ከሰውነት ጡንቻ የተለየ የራሱ ማዮሲን ስላለው አንክ-54 ቢጠፋም ሥራውን ይቀጥላል። ለመራባት አቻ ፍለጋ መውጣትም የለበትም፤ ራሱን በራሱ ያስረግዛል። አንድ ነገር ብቻ ያቅተዋል፤ እንቁላሎቹን ገፍቶ የሚያስወጣው ጡንቻ የሚሠራው በዚያው በጎደለው ማዮሲን ነው። ስለዚህ እንቁላሎቹ በእናታቸው ሆድ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ እናታቸውን ከውስጥ በልተው ቆዳዋን በስተው ይወጣሉ፤ ከዚያ እነሱም በተራቸው አጋሩ ላይ ይዘረጋሉ። ጭካኔ ይመስላል። ግን ዘሩ አይቋረጥም፤ ተመራማሪውም ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም።

አዋቂው ትል በጠቅላላው 959 የሰውነት ህዋሶች አሉት፤ ከነዚህ 95ቱ በአራት ረድፍ ከራስ እስከ ጅራት የተሰለፉ የሰውነት ጡንቻዎች ናቸው። ቁጥሩ ከትል ትል አይለያይም። የአንድን እንስሳ ጡንቻ እንደ ቤተሰብ አባል አንድ በአንድ ቆጥሮ ማወቅ በአብዛኞቹ እንስሳት የማይታሰብ ነበር።

በዚያው በ1974 ኤፕስታይን ከኒኮል ቶምሰን ጋር ሌላ እንግዳ ትል ገለጸ። አንክ-45 ይባላል። በ15 ዲግሪ ሲያድግ ደህና ይሄዳል፤ በ25 ዲግሪ ካደገ ግን ወፍራም ክሮቹ አይሰካኩም፣ ሽባ ይሆናል። ማዮሲኑ አለ፤ ሥርዓት ይዞ መደርደር ነው የተሳነው። ምክንያቱ እስኪታወቅ 28 ዓመት ፈጅቷልና ቆይተን እንመለስበታለን።

በ1977 ማክሌውድ የተባለ ተመራማሪ ከዋተርስተንና ከብሬነር ጋር ከአንክ-54 ልውጦች መካከል ማዮሲኑ ከወትሮው አጥሮ የተሠራ ትል አገኙ። ከሰንሰለቱ መካከል ወደ 100 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ጎድለው ነበር። ይህ የመጨረሻው ማስረጃ ሆነ፤ አንክ-54 ማዮሲንን ከሩቅ የሚያዝ ሳይሆን ማዮሲን ራሱ የሚጻፍበት ጂን ነው። በዚያው ዓመት አንክ-15 በወፍራሙ ክር መሐል ምሰሶ የሆነው የፓራማዮሲን ጂን መሆኑ ታወቀ። ፓራማዮሲን በእኛ ጡንቻ ውስጥ የለም።

በ1979 ታሪኩ ወደ ካናዳ ይሻገራል። ዶናልድ ሞርማንና ዴቪድ ቤይሊ የያዙት አንክ-22 ነበር፤ ይህ ትል ሽባ ሳይሆን እንደሚርገበገብ የዓይን ቆብ ያለማቋረጥ ይንዘፈዘፋል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጥሩ ዘዴ አገኙ። ከሁለቱ የጂን ቅጂዎቹ አንዱ ብቻ የተበላሸበት ትል ጤነኛ ይመስላል፤ 1 በመቶ ኒኮቲን ባለበት ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት ግን መንቀጥቀጡ ይጋለጣል። ትምባሆ ድብቅ ጉድለትን የሚያሳብቅ ምስክር ሆነ። በዚህ መንገድ በርካታ አዳዲስ አንክ-22ዎች ሰበሰቡ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሞርማን፣ ዋተርስተንና ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን ገለበጡት፤ የሚንቀጠቀጠውን ትል ሊያረጋጋ የሚችል ሁለተኛ ጉድለት ይኖር ይሆን? አገኙት፤ የተገኘውም አንክ-54 ላይ ነው። በማዮሲኑ ላይ የደረሰ ትንሽ ለውጥ መንቀጥቀጡን ጸጥ አደረገ፤ የጡንቻውም አሠራር ሳይፈርስ። ቦታው ሲመረመር አክቲንን የሚይዘው የማዮሲን ራስ ላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ገና ማንም ያላየው የአንክ-22 ፕሮቲን የማዮሲንን ጉተታ የሚቆጣጠር መሆን አለበት። ፕሮቲኑን በእጅ ሳይዙ፣ ሁለት ትሎችን በማዳቀል ብቻ የደረሱበት መደምደሚያ ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለእኔ በጣም የሚያምረኝ ሙከራ ይህ ነው።

ትእዛዙ ወደ ጡንቻ የሚደርስበት በርም በዚሁ ሰሞን ተከፈተ። በቤልጅየሙ ያንሰን ኩባንያ በ1966 ይፋ የሆነው ቴትራሚሶል፣ ከእሱም የተለየው ሌቫሚሶል፣ የትል መድኃኒቶች ናቸው። ቴትራሚሶል በአገራችን ለበግና ለፍየል ሲሰጥ የኖረ ስለሆነ ከብት አርቢ አንባቢዬ ስሙ አዲስ አይሆንበትም። በ1980 ጄምስ ሉዊስና ባልደረቦቹ ትሎችን ሌቫሚሶል ባለበት አጋር ላይ አስቀምጠው የማይሸነፉትን ለቀሙ። የተለመደው ትል በመድኃኒቱ ተኮማትሮ ይደርቃል፤ እነዚህ ግን እየተንቀሳቀሱ ቀጠሉ። ጉድለታቸው ያረፈው ነርቭ ለጡንቻ «ተኮማተር» ብሎ የሚልከውን አሴቲልኮሊን የሚቀበሉት በሮች ላይ ነበር። መድኃኒቱ እነዚህን በሮች ከፍቶ ያስቀራቸዋል፤ ጡንቻው መኮማተሩን ማቆም አቅቶት ይታሰራል። በሩ የጠፋበት ትል መድኃኒቱ የሚገባበት የለውም። ኒኮቲንም የሚያንኳኳው ይህንኑ የበር ዓይነት ነው። ልውጦቹ ትሎች ግን በነፃ አላመለጡም፤ በሩ ስለጎደላቸው አካሄዳቸው ይጎተታል። ከጂኖቹ ሦስቱ፣ አንክ-29፣ አንክ-38ና አንክ-63፣ በብሬነር የአንክ መዝገብ ስም ያላቸው ናቸው።

ከዚህ ወዲያ ዲኤንኤ ማንበብ ተቻለ። በ1981 ማክሌውድ፣ ባልደረባው ካርንና ብሬነር የአንክ-54ን ጂን ነጥለው አወጡ፤ ያ አጭር ማዮሲን የሠራው ልውጥ ትል ትክክለኛውን ጂን ከሌሎቹ ለመለየት ረዳቸው። በ1983 ሙሉ ፊደሉ ታተመ፤ ሙሉ ቅደም ተከተላቸው ከታወቁት የጡንቻ ማዮሲን ጂኖች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ወደ 2000 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች። ማክላችላን የተባለ ተመራማሪና ካርን የማዮሲንን ረጅም ጅራት ሲያነቡ በየ28ቱ አሚኖ አሲድ የሚደጋገም የኤሌክትሪክ ሙል አዩ፤ አዎንታዊው ከአሉታዊው ጋር እየተሳሳበ ጅራቶቹ በእኩል ርቀት ተራርቀው እንዲደረደሩ የሚያደርግ። ሂዩ ሃክስሌይ በጡንቻ ውስጥ ያጠናው የራሶቹ እኩል ርቀት ምንጩ በፊደሉ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ።

በዚያው በ1983 የኤፕስታይን ቡድን በፀረ-አካል ቀለም ክሮቹን ሲቀባ ትሉ በአንድ ወፍራም ክር ውስጥ ሁለት ማዮሲን እንደሚጠቀም አየ። አንደኛው ዓይነት በክሩ መሐል ብቻ ነው፤ የአንክ-54 ማዮሲን ደግሞ በሁለቱ ጫፎች። ሽባው ትል በሕይወት የቆየበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው፤ የመሐሉ ማዮሲን ክሩን መጀመር ይችላል። በ1989 ዋተርስተን የመሐሉን ማዮሲን ጂን ሲያጠፋው ትሉ ገና በፅንስነቱ ማደጉን አቁሞ ሞተ። ሳይንስ ከአንክ-54 ይልቅ በዚህኛው ቢጀምር ኖሮ ሳህኑ ላይ የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር።

የሚንቀጠቀጠው ትል ፕሮቲን የተገኘው ደግሞ በአንድ የፈረንሳይ ዘመድ ምክንያት ነው። ከፈረንሳይ ቤርዠራክ የመጣው የትል ዘር ቲሲ1 የተባለች፣ በጂኖም ውስጥ ከቦታ ቦታ የምትዘል የዲኤንኤ ቁራጭ በመቶዎች ይዟል። ቁራጯ ዘልላ አንክ-22 ውስጥ ስትገባ ትሉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ እሷን ፈልጎ ያገኘ ጂኑንም ያገኛል። ሞርማን፣ ጋይ ቤንያንና ዋተርስተን በ1986 በዚህ መንገድ ጂኑን ያዙት። በ1989 ቤንያንና ባልደረቦቹ ያነበቡት ፕሮቲን ከ6000 በላይ አሚኖ አሲዶች ያሉት ግዙፍ ነበር፤ ከመንቀጥቀጡ ስም ወስደው «ትዊቺን» አሉት። በወፍራሙ ክር ላይ ተኝቶ የሚገኝ፣ ከጫፉ አጠገብ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም የተሸከመ ፕሮቲን ነው። በ1994 የኢንዛይሙ ቅርጽ በኤክስሬይ ሲታይ የራሱ ጅራት ታጥፎ ገብቶ አፉን ዘግቶበት ተገኘ።

ትዊቺን በሰው ልጅ ጡንቻ ውስጥ ታላቅ ዘመድ አለው። ቲቲን ይባላል፤ በሰው አካል ውስጥ ከሚታወቁት ፕሮቲኖች ሁሉ ትልቁ ነው፤ የሰውኛው ቅደም ተከተል በ1995 ታተመ። በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ በቤተሰብ ከሚወረሰው፣ ልብ እየሰፋ ከሚደክምበት በሽታ ሩቡን ያህል የሚያመጣው ከመካከሉ የተቆረጠ ቲቲን መሆኑን አሳየ። ማዮሲንም ቢሆን የትል ጉዳይ ብቻ አልሆነም። በ1990 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የልብ ግድግዳ እየወፈረ ወጣቶችን በድንገት የሚገድለው በሽታ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የመጣው በልብ ማዮሲን 403ኛ ቦታ ላይ ያለችው አንዲት አሚኖ አሲድ በመለወጧ መሆኑን አገኙ። ቦታዋ የማዮሲን ራስ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዋተርስተን ሙሉ በሙሉ የሚገድሉትን ጉድለቶች ሰበሰበ። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ በትክክል ካልተንቀሳቀሰ መርዘሙን ያቆማል፤ ሁለት እጥፍ ከሆነ በኋላ እንደታጠፈ ይቀራል። ከእነዚህ መካከል የኢባሺ ዘበኛ ክፍል የሆነው ትሮፖኒን-ሲና ክሮቹን በህዋሱ ግድግዳ ላይ የሚያሰሩት መልሕቆች ይገኙበታል።

በዚህ መሐል አንክ-22 ከጡንቻ አልፎ ሄደ። አንድሩ ፋየር በባልቲሞር፣ ክሬግ ሜሎ በማሳቹሴትስ፣ ጂን ስለሚዘጋበት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይፈልጉ ነበር። ወደ ትሉ የተወጋ ነጠላ አርኤንኤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ መዝጋት የማይገባውም ይዘጋል። ለሙከራቸው አንክ-22ን መረጡ፤ ምክንያቱም የጂኑ ሥራ ሲቀንስ ትሉ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ይናገራል። በ1998 ያሳተሙት ውጤት ነጠላው ሳይሆን ጥንዱ አርኤንኤ ጂኑን እንደሚዘጋ፣ ለአንድ ህዋስም ጥቂት ሞለኪውሎች ብቻ እንደሚበቁ አሳየ። የተወጋችው እናት ልጆች ተንቀጠቀጡ። በ2006 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ፤ በ2018 ደግሞ በዚሁ ስልት የሚሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት ፓቲሲራን በአሜሪካ ለሕሙማን ተፈቀደ።

በ1998 መጨረሻ የትሉ ጂኖም ተነብቦ ታተመ፤ ከእንስሳት የመጀመሪያው ነው። 97 ሚሊዮን ፊደላት፣ ከ19,000 በላይ ጂኖች። ሥራውን ከእንግሊዝ ጆን ሰልስተን ከአሜሪካ ደግሞ ያው የጡንቻው ሰው ዋተርስተን መሩት፤ ሁለቱም ከዚያ የሰውን ጂኖም ወደ ማንበብ አለፉ።

በ2002 አንክ-45 ምስጢሩን ሰጠ። ኤፕስታይን ከጀርመናዊው ኡልሪች ሃርትል ቡድን ጋር ፕሮቲኑ የማዮሲን አዋላጅ መሆኑን አሳየ፤ ገና የተሠራው የማዮሲን ራስ በትክክል እንዲታጠፍ የሚደግፍ። አዋላጇ በሙቀት ስትደክም ማዮሲኑ ተጨማድዶ ይወለዳል። በዚያው ዓመት ብሬነር፣ ሰልስተንና ሮበርት ሆርቪትዝ ኖቤል ተካፈሉ፤ በአካል እድገትና በህዋስ ሞት ላይ ላደረጉት ምርምር እንጂ በጡንቻ አይደለም።

የሌቫሚሶልን በር ከትሉ ውጭ መልሶ ለመሥራት እስከ 2008 ቆይቷል። ፓሪስ ውስጥ ቶማስ ቡላንና ባልደረቦቹ የትሉን ጂኖች በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ጨምረው በሩ እንዲገጣጠም ስምንት ጂኖች እንደሚያስፈልጉ አሳዩ። አምስቱ የበሩ ሳንቃዎች፣ ሦስቱ አናጢዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ያበቃል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፤ የበግ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ የደም መጣጭ ትሎች መድኃኒቱን እየለመዱት ነው፣ የትኛዋ ሳንቃ እንደተለወጠባቸው ፍለጋው ቀጥሏል።

ብሬነር በሚያዝያ 2019 በሲንጋፖር አረፈ። በ1974 የተገለጸው ሽባ ትል ግን አልሞተም። ትሎች በግሊሰሮል ተነክረው በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ዓመታት ተቀምጠው ሲቀልጡ ይነቃሉ። ሽባውም ከሺዎች ዘመዶቹ ጋር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የትል ማከማቻ ይገኛል። የጠየቀ ቤተ ሙከራ በአጋር ሳህን ላይ በፖስታ ይላክለታል፤ የማዘዣ ስሙ ሲቢ-190 ነው።